እናቴ የቀደመችበት ቁልቁለት

የምስክር ቃል መቀበያ

ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ዕለት በቁልቁለቱ መንገድ ላይ ስለተገለበጠው የወተት መኪና
የምስክሯ መጠሪያ፦ በመሥሪያ ቤቷም በሰፈሯም «ቀያሿ» በመባል የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 46 ዓመት
ሥራ፦ የመሬት ቅየሳ ባለሙያ
አድራሻ፦ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ 2ኛ ፎቅ፣ በር ቁጥር 7
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበሉት፦ የትራፊክ አደጋ መርማሪ

ከላይ የተመዘገብኩት ምስክር እውነቱን ብቻ እንድናገር፣ በሐሰት ብመሰክርም በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ተጠርቼ አይደለም፤ በራሴ እግር ነው። ቅዳሜ ዕለት አደጋው ከደረሰ በኋላ ወንድሜ በቦታው ለተገኙት የትራፊክ ፖሊስ ባልደረባ ቃል ሲሰጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር። መሀል መንገድ ገብቶ የወተት መኪናውን ከመንገድ ያስወጣው ብስክሌተኛ እሱ ራሱ እንደሆነ ተናግሯል። ይህ እውነት አይደለም። ብስክሌቱን ስትነዳ የነበረችው የሰባ አራት ዓመት እናታችን ናት። እኔም ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ዝም ብያለሁ።

ሦስታችን በዚያ መንገድ ላይ ምን እንሠራ እንደነበር ተጠይቄያለሁ። ይህን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይለኛል። መርማሪው አጠር እንዳደርገው ነግረውኛል። እሞክራለሁ።

አባቴ ፖስተኛ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ያደለው በብስክሌት ነው። ሌላው ሰው በዕረፍቱ ከሥራው ይሸሻል፤ እሱ ግን ዓመት ጠብቆ ፈቃድ ሲያገኝ ያችኑ ብስክሌት ወልውሎ ቤተሰቡን ያስከትል ነበር። ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ ከከተማ ወጥተን ለአራት ቀን በገጠር መንገድ እንጓዛለን፤ የመሸበት ቦታ ድንኳን ተክለን እናድራለን። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሳናቋርጥ እንዲህ አድርገናል። ድንኳኑን የሰፋችው እናቴ ናት። ጨርቁ አርጅቶ ከአገልግሎት የወጣ የፖስታ ከረጢት ሸራ ነበር። የማኅተሙ ቀለም አልለቅ ብሎ ስለቀረ፣ ውስጡ ተጋድመን ወደ ላይ ስናይ ፊደልና ቁጥር ይነበባል። ወንድሜ ፊደል የቆጠረው ከድንኳን ጣሪያ ላይ ነው እያልን እስከ ዛሬ እንቀልድበታለን።

አሰላለፋችን ተለውጦ አያውቅም። አባቴ ፊት፣ ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ ወንድሜ፣ መጨረሻ እናቴ። አባቴ ፊሽካ ከአንገቱ ስለማይለይ የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ፊሽካው» ነበር የሚለው። አንድ ጊዜ ሲነፋ ቁሙ፣ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ቀኝ ያዙ፣ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ውሃ ጠጡ ማለት ነው። ድስቱ፣ ማንቆርቆሪያውና የሻይ ብርጭቆው ሁሉ የሚጫነው በእናቴ ብስክሌት ላይ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ከኋላችን እየተንኳኳ ይመጣል። ያ ድምፅ እስካለ ድረስ እናቴ አለች ማለት ነው። ሲቋረጥ ዞር እላለሁ፤ ጎንበስ ብላ ወይ የወደቀ ኮፍያ ስታነሳ ወይ የወንድሜን የጫማ ክር ስታስር አያታለሁ። ከዚያ ኳኳታው ይቀጥላል።

እኔ ቀያሽ የሆንኩት በዚያ መንገድ ላይ ነው ማለት እችላለሁ። አባቴ በፊት ጎማዬ ሽቦ፣ በራጂው ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ፣ ጨርቁ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቆጥሬ የሄድነውን ርቀት እንድነግረው ያደርገኝ ነበር። አሁን መሣሪያ አለኝ፤ ቢሆንም ዓይኔ በርቀት ላይ እምብዛም አይሳሳትም። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ልኮች ግምት ቢሆኑም የባለሙያ ግምት መሆናቸው እንዲያዝልኝ ነው።

አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት በልብ ሕመም አርፏል። ባለፈው ወር መጀመሪያ ላይ እናቴ ስልክ ደወለችልኝ። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ስለነበረች በስልክ ነገር አታረዝምም። «የአባታችሁን መንገድ አንድ ጊዜ ልሂድበት እፈልጋለሁ፤ ወንድምሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ወሬ አያልቅበትም፣ ፍርሃትም አያልቅበትም። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ መንገዱ አንድ ባንድ ዘረዘረላት። ጨርሳ ከሰማችው በኋላ «ጉልበቴን ጠይቄዋለሁ፤ እሺ ብሏል» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

የእናቴ ብስክሌት አረንጓዴ ቀለም ያለውና አሁን በጣቢያው ግቢ በኤግዚቢትነት የተያዘው ነው። ለዓመታት በረንዳ ላይ ላስቲክ ለብሶ ቆሞ ነበር። ጎማውን፣ ከውስጡ ያለውን ከላማዳሪያና የፍሬኑን ጎማ ወንድሜ በአዲስ ቀይሮታል። እኔ ራሴ ነድቼ ፍሬኑን ሞክሬዋለሁ፤ ይይዛል። ስለዚህ ለአደጋው ምክንያቱ የብስክሌቱ ብልሽት አይደለም። እናቴ ሄልሜት አድርጋ ነበር።

ዓርብ ከጠዋቱ 1፡30 ላይ ከእናቴ ቤት ተነሣን። ወንድሜ ከፊት፣ እናቴ መሀል፣ እኔ ከኋላ ሆነን እያረፍን ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ከቀኑ 9፡40 ላይ ድሮ እናድርበት ከነበረው ወንዝ ዳር ደረስን። ወንዙ ጠቧል። ልብስ የምናሰጣበት ቋጥኝ ላይ የውሃ መሳቢያ ሞተር ቤት ተሠርቶበታል። ሦስቱ ዛፎች ግን አሉ። ወንድሜ የገዛው ድንኳን ሲወረውሩት በራሱ የሚዘረጋ ዓይነት ነው። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ይሄ ድንኳን ነው ወይስ ጃንጥላ?» አለች። አሮጌውን የሸራ ድንኳን አይጥ ስለበላው ከጣልነው ቆይቷል። እውነቱን ለመናገር አዲሱ ምንም አላጎደለም፤ ዝናብ አያስገባም፣ ንፋስ አያስገባም። የሚነበብ ነገር የለውም እንጂ።

ጀምበር ከመጥለቋ በፊት ዳቦ፣ ቲማቲምና የተቀቀለ እንቁላል በላን። ወንድሜ የድሮውን እያነሣ ያስቀን ነበር፦ አባቴ በፊሽካ የገበሬ በሬዎች እንዳስደነገጠ፣ ማንቆርቆሪያው ወንዝ ውስጥ ገብቶ እኔና እሱ ተከትለን እንደሮጥን። እናቴ እየሰማች ትስቅ ነበር። ወንድሜ ወደ መጨረሻው «ዳገቱ ጫፍ ስንደርስ የሚታየው ሜዳስ ትዝ ይልሻል እማዬ?» አላት። እናቴም እንዲህ አለች፦ «አባታችሁ ጥሩ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያየሁት የእናንተን ጀርባ ነው።»

ይህን ያለችው በቅሬታ አልነበረም። ስለ አየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረችው። እኔና ወንድሜ ግን ተያየን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከኋላ መሆን የምትወድ ይመስለን ነበር። ጠይቀናት አናውቅም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡15 ላይ ድንኳኑን አጥፈን ተነሣን። ዳገቱን አብዛኛውን በእግራችን ብስክሌት እየገፋን ወጥተን፣ ከቀኑ 7፡50 ገደማ ጫፉ ላይ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በየመቶ ሜትሩ ሰባት ሜትር ያህል ይወርዳል። አስፋልቱ ደረቅ ነበር፤ ሰማዩም ጥርት ያለ። ከላይ ሆኖ መንገዱ እስከ ኩርባው ድረስ ይታያል፤ ከኩርባው ወዲያ ያለው አይታይም። ውሃ ጠጥተን ስንነሣ እናቴ ብስክሌቷን ከወንድሜ ፊት አቆመች።

«ዛሬ እኔ ልቅደም» አለች።

«እማዬ፣ ቁልቁለት እኮ ነው» አላት ወንድሜ።

«ቁልቁለት መሆኑን አይቼ ነው የጠየቅኩት። ዳገቱንማ ውሰደው።»

ወንድሜ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የከለከላት የለም። እናቴ ወረደች፤ እኔ አርባ ሜትር ያህል ርቄ ተከተልኳት። የወንድሜ ሰንሰለት ስለወለቀ ሊያስተካክል ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ስለዚህ አደጋው ሲደርስ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ወንድሜ አላየም።

የመጀመሪያውን ሦስት መቶ ሜትር እናቴ ፍሬን እየነካካች በቀኝ ጠርዝ ነው የሄደችው። ከዚያ ፍሬኑን ለቀቀችው። ፍጥነቷ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ደርሶ ይሆናል። እግሮቿን ከፔዳሉ ላይ አንሥታ ግራና ቀኝ ዘረጋቻቸው። ቀሚሷ ተነፍቶ ነበር። ድምፅ ሰማሁ፤ መጀመሪያ የጮኸች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ኋላ ግን ሳቅ መሆኑን ለየሁ። እናቴ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትይዝ ሴት ናት። በዚያ ሰዓት ሁለቱም እጆቿ መሪው ላይ ነበሩ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

ከጫፉ ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል ወርዳ ኩርባው ላይ ስትደርስ የመሀሉን መስመር አንድ እርምጃ ያህል አልፋ በግራ በኩል ነበረች። ሰዓቱ 8፡10 ገደማ ይሆናል። የወተት መኪናው ከታች ሲወጣ ኩርባው ላይ ተገናኙ። መኪናው የራሱን ቀኝ ይዞ ነበር፤ ፍጥነቱም ዳገት የሚወጣ ጭነት መኪና ፍጥነት ነው። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፍቶ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። የቀኝ ጎማዎቹ ቦይ ውስጥ ገቡና መኪናው ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደሚተኛ ከብት፣ በጎኑ ተጋደመ። እናቴን አልነካትም። ስልሳ ሜትር ያህል ወርዳ በፍሬንም በእግሯም ታግላ ቆመች። ሾፌሩ ቦዩን ባይመርጥ ኖሮ እናቴ ዛሬ በሕይወት አትኖርም ነበር። ይህ ግምት አይደለም።

እኔ መኪናው ጋ ስደርስ እናቴ ብስክሌቷን ጥላ ሽቅብ እየሮጠች ትመጣ ነበር። ሾፌሩ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። በመስኮቱ በኩል አንገቱን አውጥቶ መጀመሪያ የተናገረው ቃል «እማማ፣ ተረፉ?» የሚል ነው። እናቴም እያለከለከች «እኔስ አለሁ ልጄ፤ የተገለበጥከው አንተ ነህ!» አለችው። ሞተሩን አጠፋሁ። ወንድሜ ደርሶ የፊት መስታወቱን ገፍተን ሾፌሩን አወጣነው። የግራ ትከሻው ወርዶ ነበር፤ ሲተነፍስ ያቃስታል። ወንድሜ ሸሚዙን ቀድዶ ክንዱን ከደረቱ ጋር አሰረለት። ከተጫኑት የወተት ቢዶኖች አብዛኞቹ ክዳናቸው ተከፍቶ ወተቱ አስፋልቱን ይዞ ቁልቁል ይወርድ ነበር።

በዚያ ያለፈ የሕዝብ አውቶቡስ ሾፌሩን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። እናቴ አብራው ገብታ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊሱ ከቀኑ 9፡25 ሲደርሱ በቦታው የነበርነው እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። ፖሊሱ «ብስክሌቱን ማን ነበር የሚነዳው?» ብለው ሲጠይቁ ወንድሜ ሳያመነታ «እኔ ነኝ» አለ። ዞሬ አየሁት፤ እሱ ግን አላየኝም። ወረቀቱ ላይ ተጻፈ፤ ፈረመ። እኔም ያን ጊዜ እናቴን ከክስ ያተረፍናት መሰለኝ። ማንንም የጎዳን አልመሰለኝም።

እሑድ ከቀኑ 8፡00 ላይ ሦስታችን ብርቱካን ይዘን ሾፌሩን ልንጠይቅ ጤና ጣቢያ ሄድን። ከበሩ ሁለተኛው አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር። የግራ ትከሻው አጥንትና ሁለት ጎድኑ ተሰብሯል። እናቴን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ግን ፊቱ ልክ አልነበረም። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው መናገር አልፈለገም። እናቴ የሰውን ድምፅ ሰምታ የልቡን የምታውቅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሥራዋ እሱ ነበር። አልለቀቀችውም። በመጨረሻ እንዲህ ሲል ነገራት፦

«እማማ፣ ጠዋት የወተት ማኅበሩ ኃላፊ መጥቶ ነበር። እኔ ‹አንዲት ትልቅ ሴት መጡብኝ፤ እሳቸውን ላድን ስል ነው› ብዬ ነግሬዋለሁ። እሱ ደግሞ የፖሊሱን ወረቀት አይቷል። ወረቀቱ አንድ ጎልማሳ ሰው ነው ይላል። ‹ምን እንደመጣብህ እንኳ አታውቅም፤ እንቅልፍ ወስዶህ ነው› አለኝ። ሰኞ መንጃ ፈቃዴን ይዤ ቢሮ እንድቀርብ አዞኛል። እኔንስ እሺ፤ ግን እርስዎን አይቼ አልነበረም እንዴ? እኔም እየተጠራጠርኩ ነው።»

እናቴ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ እኛ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ማን ነው ጎልማሳው?» አለች። ወንድሜ መሬት መሬት አየ።

«እንዳትከሰሺ ብዬ ነው እማዬ» አላት። «በዚህ ዕድሜሽ ፖሊስ ጣቢያ ለፖሊስ ጣቢያ...»

«እኔን ለማዳን ብለህ ይሄን ሰው መሪ ላይ አስተኛኸው።»

ወንድሜ አለቀሰ። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ በሽተኞቹ ሁሉ እያዩት እንደ ልጅ አለቀሰ። እናቴ ትከሻውን ያዝ አደረገችው፤ ግን አልለዘበችም። «ሰባ አራት ዓመት ኖሬ ደህና አድርጌ ያጠፋሁት አንድ ጥፋት ቢኖር ይሄ ነው፤ እሱንም ትወስዱብኛላችሁ?» አለች። ይህን ስትል ሾፌሩ ሳቀ፤ ሲስቅ ጎድኑ አመመውና ጮኸ። እናቴ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችው። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እጁን ይዛ፣ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ቃል በቃል ነገረችው። እሱም «አላበድኩም ማለት ነው» ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ።

እዚያው ሆና ከሾፌሩ ላይ የኃላፊውን ስልክ ቁጥር ተቀብላ ደወለች። በዚያ በድሮ የማዞሪያ ድምፅዋ፣ ቃል በቃል፣ «ሀሎ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ መኪናችሁን ቦይ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ እባክዎ መስመሩ ላይ ይቆዩ» አለች። ኃላፊው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ሙሉውን ከነገረችው በኋላ፣ በፖሊስ በኩል የተስተካከለ ቃል ከቀረበለት የሾፌሩን ጉዳይ እንደሚተወው ተናግሯል። የስልኩ ድምፅ ማጉያ ክፍት ስለነበር እኔም ሰምቻለሁ። ዛሬ ሦስታችንም ወደዚህ የመጣነው በዚህ ምክንያት ነው። ወንድሜ የቅዳሜ ቃሉን ለማንሣት፣ እናቴ የራሷን ቃል ለመስጠት ከእኔ በኋላ ይቀርባሉ።

ተጨማሪ ነገር እንዳለ በመርማሪው ተጠይቄያለሁ። እናቴ ወደ መሀል መስመሩ ስትጠጋ መቼ እንዳየኋትና አስጠንቅቄያት እንደነበር ጠይቀውኛል።

አይቻታለሁ። ኩርባው ላይ ከመድረሷ መቶ ሃያ ሜትር ያህል በፊት ጀምሮ ቀኙን እየተወች ወደ መሀል ስትመጣ አይቻለሁ። በዚያ ፍጥነት አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ነው። አርባ ሜትር ላይ ስለነበርኩ ብጮህ ድምፄ ይደርሳት ነበር። አልጮህኩም። መኪናው አልታየኝም ነበር ማለት እችላለሁ፤ እውነትም ከኩርባው በፊት አልታየኝም። ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም። ከሾፌሩ አልጋ ከተመለስኩ ወዲህ ራሴን ስጠይቅ አድሬያለሁ። ብጠራት ፍሬን ትይዛለች። ፍሬን ይዛ ትዞራለች፤ እኔ ወድቄ እንደሆነ፣ ወንድሜ የት እንደቀረ ታያለች። ከዚያ ጠርዙን ይዛ ቆማ ትጠብቀናለች፤ እኛም እናልፋለን። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። ስለዚህ አሥራ አምስት ሰከንድ ተውኳት። እናቴ ስለ ማንም ሳታስብ ስትሄድ ማየት ፈልጌ ነው። ሰው ተጎድቶበታልና፣ በዚህ የእኔም ድርሻ አብሮ እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ።

ከዚህ በላይ ያለው ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። የተጨመረበትም የተቀነሰበትም የለም። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የሚጠቅመኝን መርጬ አልተናገርኩም፤ ሐሰት ቢገኝበት ልጠየቅበት ተስማምቼ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ (ተፈርሟል)
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡05